አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት፦ የሀዋሳ ተማሪዎችና የሰፈር ጎርፍ ቦይ

[ምስል፦ በደለል የሞላ ቦይ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ]

የሀዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ መፍሰሻ የለውም። ከከተማው በጎርፍ ታጥቦ የገባ ደለልም ፕላስቲክም እዚያው ይቀራል። ተማሪዎች ለሰፈሩ አንድ ነገር እንሥራ ሲሉ ከጎርፍ ቦይ መጀመራቸው ጥሩ ነው። ችግሩ ያለ ዝግጅት ለዘመቻ መውጣቱ ላይ ነው፤ የተዛቀው ደለል ጠርዙ ላይ ይከመራል፣ የሚያነሳው መኪና ስለሌለ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ ቦይ ይበቃል።

[ምስል፦ በየ10 ሳንቲሜትሩ በቀለም የተሰመረ ቀጥ ያለ እንጨት]

እንጨቱን ደለሉ ላይ አቁሙና እስከ ቦዩ አፍ ያለውን አንብቡ። ከዚያ ሲሚንቶው እስኪነካ ግፉትና እንደገና አንብቡ። ልዩነቱ የደለሉ ውፍረት ነው። የ80 ሳንቲሜትር ቦይ 50ውን ደለል ከያዘው፣ ለውኃ የቀረው 30 ብቻ ነው። በየ20 እርምጃው፣ በተለይ በየመሻገሪያው ግራና ቀኝ ለኩ፤ ቆሻሻ የሚሰካው እዚያ ነው። ደለሉ ከየት እንደሚመጣም መዝግቡ። መንገድ ዳር የተደፋ የግንባታ አሸዋ ካለ፣ እሱ ሳይነሳ መጥረግ ልፋት ብቻ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አነጋግሩ።

የእድሩን ዳኛ ሳታማክሩ አትቀጥሉ። ውኃው የማን ግቢ እንደሚገባ የሚያውቁት የሰፈሩ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ፊርማቸውም ከእናንተ ፊርማ ይልቅ ይሰማል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለቀበሌው ይጻፍ፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና ለማዘጋጃ ቤቱ ይሁን። «ትብብር እንጠይቃለን» ብቻ ካላችሁ ማንም ምን እንደሚሰጣችሁ አያውቅም። «በዚህ ቀን አንድ ገልባጭ መኪናና የመድፊያ ቦታ ይመደብልን» በሉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱና፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። በሳምንቱ ስትመለሱ «ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ ደብዳቤው ያለበት ጠረጴዛ ይታወቃል።

አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብት ነው። የቦዩን ዕቅድ ወይም በጀት ማየት ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት።

[ምስል፦ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት]

ጠረጋው የበልግ ዝናብ ሳይጀምር፣ በጥር ወይም በየካቲት ይሁን። ከታች፣ ከሐይቁ በኩል ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የሚለቀቀው ውኃ ታችኛው ሰፈር ላይ ይተኛል። የሲሚንቶ ክዳን በዲጂኖ ይነሳል እንጂ በጣት አይያዝም። ጠርሙስ ስባሪና መርፌ ስለሚኖር በባዶ እጅ ማንም አይግባ። ገልባጩ ሳይደርስ አንድ አካፋ እንኳ አትዛቁ።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ በዚያው እንጨት፣ በእነዚያው ቦታዎች እንደገና ለኩ። ልኬቱንና ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ከምረቃ በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አስረክቡ፤ የሚቀጥለውን ደብዳቤ የሚጽፉት እነሱ ናቸው።