360 ለምን ይህን ያህል አካፋይ አለው?

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ! ዛሬ በጣም ከምወዳቸው ቁጥሮች ጋር ላስተዋውቃችሁ። 12ን ውሰዱ። በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ6፣ በ12 ይካፈላል። ስድስት አካፋይ! ከ12 በታች ስድስት አካፋይ ያለው የለም። እንዲህ ከእሱ የሚያንሱትን ሁሉ በአካፋይ ብዛት የሚበልጠውን ቁጥር «ባለ ክብረ ወሰን» እንበለው። 24፣ 36፣ 48፣ 60፣ 120፣ 180፣ 240፣ 360... እያለ ይቀጥላል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ፕራይም፣ ማለትም ከ1 በላይ ሆነው በ1 እና በራሳቸው ብቻ ወደሚካፈሉ ቁጥሮች፣ ሲፈቱ ሥርዓት አላቸው። ለምን? የምወደው ምሳሌ አለኝ፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

በቁጥር የሚከፈት የሻንጣ ቁልፍ አስቡ። የሚሽከረከሩ ቀለበቶች አሉት አይደል? እያንዳንዱ ፕራይም አንድ ቀለበት ነው። 360 ማለት 2 ሦስት ጊዜ፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5 አንድ ጊዜ ተባዝተው ነው። የ2 ቀለበት ላይ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ተጽፏል፤ ከ2ዎቹ ስንቱን ልውሰድ ማለት ነው። አራት ምርጫ። የ3 ቀለበት ላይ 0፣ 1፣ 2፤ ሦስት ምርጫ። የ5 ላይ 0 እና 1፤ ሁለት ምርጫ። በሉ አሽከርክሩ! 1፣ 2፣ 0 ላይ ብታቆሙ 2 በ9 ተባዝቶ 18 መጣ። 0፣ 0፣ 0 ብታደርጉስ? 1 ነው፤ እሱም አካፋይ ነውና እንዳትረሱት። በጠቅላላ 4 በ3 በ2፣ 24 አካፋይ።

አሁን ሥርዓቱን በአንድ ትንፋሽ ልበለው። 18 ላይ የ3 ቀለበት ከ2 ቀለበት ረዝሟል፤ አቀያይሯቸው፣ 12 ይሆናል፤ አካፋዮቹ ያው ስድስት። 84 ላይ 5 ተዘሎ 7 ገብቷል፤ 7ን በ5 ተኩት፣ 60 ይሆናል፤ አካፋዮቹ ያው 12። ያነሰው ቁጥር እኩል አካፋይ ካለው ትልቁ ክብረ ወሰን የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ክብረ ወሰን ቁጥር ውስጥ ፕራይም አይዘለልም፣ አርቢውም (ፕራይሙ ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚናገረው ቁጥር) ወደ ትልልቆቹ ፕራይሞች ስንሄድ አይጨምርም። የመጨረሻው ፕራይም አርቢ ደግሞ፣ ከ4 እና ከ36 በቀር፣ ሁልጊዜ 1 ነው። ይህን ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በ1915 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቶታል።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «እያንዳንዱን ፕራይም አንድ አንድ ጊዜ ብናባዛ አይበቃም ወይ?» 2 በ3 በ5 በ7፣ 210። ብዙ ዓይነት ፕራይም፣ ብዙ አካፋይ! ሐሳቡ ያምራል፤ ግን አይሠራም። 210 አካፋዮቹ 16 ናቸው። 7ን አውጡት፤ አካፋዮቹ በግማሽ ወርደው 8፣ ቁጥሩም 30 ሆነ። አሁን ሁለት 2 ጨምሩበት። የ2 ቀለበት ከሁለት ምርጫ ወደ አራት አደገ፣ አካፋዮቹም ተመልሰው 16 ሆኑ። ቁጥሩስ? 120! አያችሁ፣ የ7 ቀለበት አካፋዮቹን እጥፍ ለማድረግ ቁጥሩን በ7 ያባዛል፤ ሁለት 2 ያንኑ ሥራ በ4 ይጨርሳሉ። 4 ከ5ም ያንሳል፤ ስለዚህ 30 በ24 ይሸነፋል፣ 2310 በ840 ይሸነፋል። በዚሁ መንገድ ፕራይሞቹን አንድ አንድ ጊዜ በማባዛት ከሚገኙት ቁጥሮች ከ6 በኋላ አንዳቸውም ባለ ክብረ ወሰን አይሆኑም። እንዲህ ያለ አጭር ማስረጃ ሳይ ደስ ይለኛል! እናንተንም ደስ ካላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከ1 እስከ 7 ያሉት ሲባዙ 5040 ነው፤ 60 አካፋይ ያለው ባለ ክብረ ወሰን። 8ን ሲጨምሩበት 40320 ይሆናል፤ 96 አካፋይ አለው፣ ክብረ ወሰን ግን የለውም። 96 አካፋይ ያለውን ትንሹን ቁጥር ፈልጉልኝ። የ11 ቀለበት ያስፈልጋችኋል።