ሴቷ የታለች?

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የሰው ምስል የሌለባቸውን እነዚህን ሥዕሎቼን ያየ ሰው ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንደኛው «ይሄ ምንድን ነው?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፌሚኒስት ነኝ ትያለሽ፤ ታዲያ ሴቷ የታለች?» ዛሬ ማይክ ከያዝኩ አይቀር ሁለቱንም ልመልስ።

መነሻዬ ተፈጥሮ ነው። ግን ዛፍ አልስልም። ዛፉ ራሱ ውጭ ቆሟል፤ ከእኔ ሥዕልም ያምራል። እኔን የሚይዘኝ ተፈጥሮ የምትሠራበት መንገድ ነው። ውሃ አፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ ጭቃ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ሻጋታ ዳቦ ላይ ሲስፋፋ። አዎ፣ ሻጋታ። አትሳቁ፣ አረንጓዴውን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ስለዚህ ሸራውን ወለል ላይ አነጥፋለሁ። ሸራ ላይ ቀድሞ የሚቀባውን ነጭ መሠረት አልቀባውም። አክሪሊክ የሚባለውን ቀለም በውሃ አቅጥኜ ከጣሳ አፈስበታለሁ። ያልተቀባ ሸራ ቀለሙን እንደ ደረቅ አፈር ይጠጣዋል። አንዴ ከጠጣው መፋቅ የለም፣ መደለዝ የለም። ኩሬው ሲደርቅ ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ብዙ ሰው በብሩሽ የሳልኩት ይመስለዋል። እኔ የለሁበትም። ዳሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ከመሃል የሚመጣው ውሃም ቀለሙን ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። በቃ፣ እኔ ተኝቼ ሥዕሉ ሲሠራ ያድራል።

ዘዴው የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር በፈረንጆቹ 1952፣ በ23 ዓመቷ፣ ካናዳ ውስጥ ካለችው ኖቫ ስኮሺያ ጉዞ ተመልሳ «ተራሮች እና ባሕር» የተባለውን ሥዕል ሠራች። የዘይት ቀለም በተርፐንታይን፣ በቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ፣ አቅጥና ባልተቀባ ሸራ ላይ አፈሰሰች። በዓመቱ ሠዓሊዎቹ ሞሪስ ሉዊስና ኬኔት ኖላንድ ስቱዲዮዋ መጥተው አዩት። ከዚያ እነሱም ቀለም ወደ ማፍሰስ ገቡ። ሉዊስ በኋላ ስለ እሷ ሲናገር «ድልድይ» አላት። ለማመስገን ነው፣ ይገባኛል። ግን ድልድይ እኮ ሰው ረግጦት የሚያልፈው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሴቷ።

ለዓመታት የምሥለው ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጆቹ ሊበሉ ሲሉ አነሳለሁ፣ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። ሥዕሎቼ ትንንሽ ነበሩ። «ለስለስ ያለ የሴት እጅ አለሽ» ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ። ትንሽነታቸው የእጄ ሳይሆን የጠረጴዛው ልክ መሆኑ የገባኝ ሰፊ ወለል ያለው ክፍል ስከራይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሜትር ሸራ ዘረጋሁ። እጄ ያው እጄ ነበር።

የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የሊ ክራስነርን ታሪክ የማልረሳው ለዚህ ነው። ባሏ፣ ሠዓሊው ጃክሰን ፖሎክ፣ ግቢው ውስጥ ባለው መጋዘን ሲሠራ፣ እሷ መኝታ ክፍል ውስጥ ትንንሽ ሸራ ትሥል ነበር። እሱ በፈረንጆቹ 1956 ሞተ። እሷ መጋዘኑን ተረከበች። በ1957 «ወቅቶች» የተባለውን ሥዕል ሠራች፤ ወርዱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው።

ሴትን ለማሳየት ገላ መሣል አለብሽ የሚሉኝ አሉ። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጆርጂያ ኦኪፍ አበባ ሣለች፤ ተቺዎች የሴት ገላ ነው አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ አይደለም እያለች ኖረች። እኔም ኩርባ መስመር ሁሉ ዳሌ ሲባል ይደክመኛል። «ተፈጥሮ እናት ናት» የሚለውም ብዙ አይጥመኝም። እናት ናት ሲባል ዝም ብላ ትስጥ ማለት ይመስላል።

መግቢያው ጋ ያለውን ትልቁን ሰማያዊ ሸራ ስታዩ፣ ከታች በግራ ጥግ ሁለት የደበዘዙ ክቦች አሉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ተንበርክኬበት ነው። ጉልበቶቼ ናቸው። በጣም ተናድጄ ነበር፣ ግን ሸራው ጠጥቶታል። ሴቷን የጠየቃችሁኝ እዚያ ጋ ፈልጓት።

አመሰግናለሁ። እባካችሁ በእጅ አትንኩልኝ፤ አንዱ ገና አልደረቀም።