ባልዲው እናንተ ናችሁ፦ የራሊ ሹፌር የሚነዳው በዓይኑ አይደለም

ሰላም ሰላም! እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ሁለት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፦ ጎበዝ የራሊ ሹፌር የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው? ሁለተኛው፦ ስቴጅ ዳር (ለውድድሩ በተዘጋው መንገድ ዳር ማለት ነው) ሆነን ስናይ የት እንቁም? የማይገናኙ ይመስላሉ አይደል? ይገናኛሉ። እንዲያውም አንድ ጥያቄ ናቸው። ቆይ አሳያችኋለሁ።

ራሊ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። መንገድ ይዘጋል፣ መኪኖች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፣ ሁሉም ከሰዓት ጋር ይታገላል። አለቀ። ይህ ካልገባችሁ የመጀመሪያውን ቪዲዮ እዩና ተመለሱ፤ እኔም ቪው አገኛለሁ።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። እየነዳችሁ የምታዳምጡ ካላችሁ አትጨፍኑ፤ ኧረ በፈጣሪ!

ሌሊት ነው። ድቅድቅ ጨለማ። አልጋችሁ ላይ ናችሁ፣ ውሃ ጠማችሁ። መብራት ማብራት ደበራችሁ። ተነሳችሁ። ሦስት እርምጃ፣ የበሩ መቃን። ወደ ቀኝ። ከዚያ ኮሪደሩ፣ ስድስት እርምጃ። ከዚያ ያ ወንበር አለ፤ በግራ በኩል ታልፉታላችሁ። ወንበሩን አትረሱትም፣ ምክንያቱም አንድ ቀን የእግራችሁን ትንሿን ጣት አስለቅሷታል። ከዚያ ውሃው። እጃችሁን ስትዘረጉ ብርጭቆው እዚያው ነው።

በልበ ሙሉነት ነው የሄዳችሁት። ግን ምን አያችሁ? ምንም! በዓይናችሁ አይደለም የሄዳችሁት። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ባለ ካርታ ነው።

አሁን እዚሁ ጨለማ ውስጥ ሌላ ነገር ልጨምር። ማታ አንድ ሰው ቤት ሲወለውል አመሸና ባልዲውን ኮሪደሩ መሃል ትቶት ተኛ። ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ስም አንጠራም። ባልዲው አለ። ካርታችሁ ላይ ግን የለም።

ጥያቄው ይኸውላችሁ። በዚህ ባልዲ ክፉኛ የሚወድቀው ማነው? ቤቱን የማያውቅ እንግዳ ነው ወይስ እናንተ?

እናንተ ናችሁ! እንግዳውማ ግድግዳ እየዳሰሰ፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚመጣው። ባልዲውን በጣቱ ነካ ያደርገውና «ይቅርታ» ብሎት ያልፋል። እናንተ ግን ስድስቱን እርምጃ ቆጥራችሁ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ በሙሉ እምነት ትመጣላችሁ። ከዚያ ኳ! ውሃው፣ ባልዲው፣ እናንተ፣ ሁሉም ወለሉ ላይ። ቤቱን በደንብ ባወቃችሁት መጠን ባልዲው የሚጥላችሁ አጣጣል ይከፋል።

ይህን ባልዲ ያዙልኝ። እስከ መጨረሻው አብሮን ነው።

የራሊ ሹፌር የሚነዳው እንዲህ ነው። ከውድድሩ በፊት በስቴጁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ፣ በዝግታ ያልፋል። በመጀመሪያው ያየውን ይናገራል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ኮድራይቨር ይጽፋል። በሁለተኛው ያርማሉ። ፔስ ኖት የሚባለው ይህ ማስታወሻ ነው፤ በውድድሩ ላይ ኮድራይቨሩ ለሹፌሩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። «ግራ አምስት፣ መቶ ሜትር፣ ቀኝ ሦስት፣ ይጠባል፣ አትቁረጥ።» ቁጥሩ ኩርባው ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ሹፌር የራሱ አቆጣጠር አለው። ይኸው ነው፣ እንለፍ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ከዳገቱ ጀርባ ያለው መንገድ ገና ሳይታይ ነዳጁ እስከ ወለሉ ይረገጣል። ለምን? ወረቀቱ «ቀጥ ያለ ነው» ስላለ። ጨለማ ኮሪደር፣ ስድስት እርምጃ።

የሚገርመው፣ ራሊ ውስጥ ባልዲ ፈላጊዎችም አሉ። ሞንቴ ካርሎ ራሊ ላይ ውድድሩ ከመጀመሩ ቀደም ብለው በስቴጁ የሚያልፉ ሰዎች አሉ። «እዚህ ኩርባ ላይ በረዶ ተጋግሯል» ብለው ማስታወሻውን ያሳርማሉ። ድሮ በኬንያው ሳፋሪ ራሊ ደግሞ መንገዱ ለሌላ መኪና ስለማይዘጋ ትልልቆቹ ቡድኖች ከፊት ሄሊኮፕተር ያበሩ ነበር። ከብት ሲያዩ፣ የጭነት መኪና ሲያዩ፣ በሬዲዮ ለሹፌሩ። ባልዲ ፈላጊ በሰማይ!

ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰልፊ ለመነሳት መንገዱ ዳር የወረደውን ሰውዬ ግን ማንም አልጻፈውም። እሱ ባልዲ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሹፌሮቹ። «ከሁሉም ማን ይበልጣል» የሚለውን ጦርነት እዚህ አልፈታውም። ግን ጎበዝ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጎበዝ ሹፌር ማለት የማያየውን መንገድ የሚያምን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትጣሉኝ።)

ሴባስቲያን ሎብን ውሰዱ። ከ2004 እስከ 2012 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን፤ ዘጠኙንም ከኮድራይቨሩ ከዳንኤል ኤሌና ጋር። ከዚያ በ2022፣ በ47 ዓመቱ፣ ሞንቴ ካርሎን አሸነፈ። ማስታወሻውን ያነበበችለት ማን ነበረች? ኢዛቤል ጋልሚሽ። ሥራዋ የሒሳብ መምህርት! ከአንዲት የሒሳብ መምህርት አፍ የሚወጣ ድምፅ ሰምቶ፣ በረዶ ላይ፣ ገደል አጠገብ ነዳጅ መርገጥ። እኔ የሒሳብ አስተማሪዬን ያመንኩት ፈተና ተራዝሟል ያለችን ቀን ብቻ ነው።

ካሌ ሮቫንፔራም አለ። 22 ዓመት በሞላው ማግስት፣ 2022 ላይ የዓለም ሻምፒዮን። ከእሱ በፊት በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ኮሊን ማክሬይ ነበር፤ በ1995፣ በ27 ዓመቱ። አምስት ዓመት መቀነስ ቀልድ አይደለም።

ማክሬይን ካነሳን፣ «እሱ ጋጭ ነው፣ ቫልተር ሮል ግን አርቲስት ነው» ለምትሉት። ሮል፣ ያ የድሮው ጀርመናዊ ሻምፒዮን፣ ሞንቴ ካርሎን አራት ጊዜ፣ በአራት የተለያዩ ኩባንያዎች መኪና አሸንፏል። ይህን ማንም አይክደውም። ግን ማክሬይም ሳፋሪን ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ 1997፣ 1999፣ 2002። ሳፋሪ ደግሞ የሚቸኩል ሰው መኪናውን ሰባብሮ የሚቀርበት ውድድር ነው። ስለዚህ «ጋጭ» የሚለውን ቃል ትንሽ ቀስ።

እዚህ ጋ ስለ መነሻ ቅደም ተከተል ማውራት ነበረብኝ። ፒስታ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ለሌሎቹ ጠጠር ጠራጊ ይሆናል፣ ሰዓቱም ይበላሻል፣ የአንደኛ ቀን ሰዓት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ግን ጊዜ የለኝም። ምክንያቱም ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁት አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ብዙዎቻችሁ እንዲህ ብላችኋል፦ «እነዚህ እኮ የዓለም ምርጥ ሹፌሮች ናቸው። ሰው ካዩ ያመልጡታል።»

አይ! አይ! አይ! ባልዲውን ረሳችሁት እንዴ? ምርጥ ስለሆነ ነው የማያመልጣችሁ። ቀስ የሚለው ጀማሪ ምናልባት ይቆምላችኋል፤ ግድግዳ እየዳሰሰ ነዋ የሚመጣው። ምርጡ ግን ኮሪደሩን በሩጫ ነው የሚያልፈው።

ሒሳቡን ፈጠን አድርገን። መኪናዋ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሄደች በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ስጡት። 28 ሜትር ሄደ፣ ፍሬን ገና አልተያዘም። ኩርባው የሚያሳየው ደግሞ 20 ሜትር ብቻ ቢሆንስ? በዚያ ላይ ፍጥነቱ ከ100 ወደ 140 ሲወጣ የግጭቱ ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በካሬ ነው የሚያድገው። ፊዚክስ አለቀ።

«ግን መሪ አለ፣ ይጠምዝዛ!» እሺ። ፖርቱጋል፣ 1986። በዚያን ጊዜ ሰው መንገዱ መሃል ይቆምና መኪናው ሲደርስ እንደ መጋረጃ ይከፈላል። መኪና በእጁ ለመንካት የሚሽቀዳደምም ነበር። ሲንትራ አካባቢ፣ ላጎዋ አዙል የሚባል ስቴጅ ላይ ዦዋኪም ሳንቶስ በፎርድ አርኤስ 200 መጣ። ፊቱ ሰዎች ነበሩ። ሊያመልጣቸው ሞከረ። መኪናዋ ከእጁ ወጣችና ሌላ ቦታ የቆሙ ሰዎች ውስጥ ገባች። ሦስት ሰው ሞተ፣ ከሠላሳ በላይ ቆሰለ።

አያችሁ? ሹፌሩ አይቷል። ሊያመልጥም ሞክሯል። የናንተ «ያመልጠናል» የሚለው ነገር በትክክል ተፈጽሟል። ያመለጣቸው ሰዎች ነበሩ። የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

ትልልቆቹ ፋብሪካ ቡድኖች ከዚያ ራሊ ወጡ። በዚያው ዓመት ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ኮድራይቨሩ ሰርጂዮ ክሬስቶ ሞቱ። ግሩፕ ቢ የሚባሉት እነዚያ አውሬ መኪኖች ከ1987 ጀምሮ ታገዱ።

«እሱ የድሮ ነው» እንዳትሉኝ። በ2017 ሞንቴ ካርሎ፣ ገና በመጀመሪያው ስቴጅ፣ የሄይደን ፓደን መኪና በረዶ ላይ ተንሸራትታ የአንድ ተመልካች ሕይወት አልፏል። ስቴጁ ተሰረዘ።

ሁለተኛው ተረት ደግሞ፦ «ከኩርባው ውስጠኛ ጎን ከቆምን ደህና ነን።» ውጪው ጎን አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መኪና ሳትዞር ከቀረች የምትሄደው ወደዚያ ነው። ውስጠኛውም ግን መጠለያ አይደለም። ሹፌሮች ኩርባ ይቆርጣሉ፤ ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ ይወጣል፣ ድንጋይ ይመታል፣ መኪና ይገለበጣል። ስካንዲኔቪያን ፍሊክ የሚባለውም አለ፤ ወደ ግራ ሊዞር ሲል መጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝ ይመታል፣ ከዚያ ክብደቱን አወዛውዞ መኪናዋን ይወረውራታል። ትንሽ ከበዛበት አፍንጫዋ የሚገባው ውስጠኛው ጎን ላይ ነው። «ደህና ነን» ያላችሁበት ቦታ።

ታዲያ የት እንቁም? ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ። ከኋላችሁ መሸሻ ያለበት፤ አጥር ወይም ገደል ከሆነ ይቅርባችሁ። ቀይና ነጭ ሪባን ካለ ከሪባኑ ወዲህ። አትቀመጡ፤ መነሳት ጊዜ ይወስዳል። መኪና ካለፈ በኋላ ጀርባ አትስጡ፤ ቀጣዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ማርሻሉ፣ ማለትም መንገድ ዳር የሚቆመው አስተናባሪ፣ «ውጣ» ካለ ክርክር የለም፤ እሱ ውድድሩን በነፃ ልይ ብሎ አይደለም እዚያ ፀሐይ ላይ የሚውለው።

ከውድድሩ በፊት በስቴጁ የሚያልፉት የደህንነት መኪኖችም ለጌጥ አይደሉም። ሚሼል ሙቶን በ1981 ሳንሬሞ ራሊን ስታሸንፍ የዓለም ሻምፒዮና ራሊ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኋላ ደግሞ የዚሁ ሻምፒዮና የደህንነት ኃላፊ ሆነች። የቆማችሁበትን ቦታ የሚፈትሹት እንዲህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ካልወደዱት ስቴጁን ያስቆማሉ።

ስቴጅ ሲቆም ደግሞ ምን ይሆናል? ያልነዱት ሹፌሮች የሚገመት ሰዓት ይሰጣቸዋል። ያ ስትጠብቁት የነበረው፣ የእናንተ ጀግና አምስት ሰከንድ የሚያስመልስበት ስቴጅ፣ በወረቀት ላይ ያልቃል። ከዚያ ሦስት ሳምንት «ቢነዳ ኖሮ» ስትሉ ትከርማላችሁ። ባልዲው ነው ያንንም ያመጣው።

በሉ፣ ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ጠጠር ጠራጊዎቹ ነው፤ ዛሬ የዘለልኩት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። ማክሬይ ወይስ ሮል የሚለውን ኮሜንት ላይ ተጨራረሱበት፣ እኔ አልገባም። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውሃ ልጠጣ ነው።

መብራቱን አብርቼ።