በትንሽ ኤስዩቪ የመኝታ ተሳቢ ከመጎተታችሁ በፊት የሾፌሩን በር ክፈቱ

[በምስሉ፦ ግቢ ውስጥ የቆመ ራቭ ፎር፤ ከኋላው አንድ አክስል ያለው ትንሽ የመኝታ ተሳቢ]

ተራኪ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ሼናንዶዋ ወይም ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራሮች ለመውጣት ሲያስብ፣ አልጋውንና ምድጃውን በውስጡ የያዘ ትንሽ የመኝታ ተሳቢ መግዛት ወይም መከራየት ያጓጓል። በደጁ የቆመው መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሆንዳ ሲአርቪ ወይም ሱባሩ ፎረስተር ስለሚሆን፣ «ይህ መኪና ተሳቢውን ይችለዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። መጎተቱን ይጎትተው ይሆናል። ነገር ግን ቤተሰብ የጫነ ትንሽ ኤስዩቪ ብዙውን ጊዜ ከመጎተት ዐቅሙ በፊት የመሸከም ዐቅሙን ይጨርሳል፤ ይህን ደግሞ ሻጩ እምብዛም አያነሳውም።

በማስታወቂያ ላይ ከሚጻፈው ቁጥር እንጀምር። በአሜሪካ ገበያ ከ2019 እስከ 2024 ድረስ የተሸጠው፣ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ራቭ ፎር በአብዛኛው 1,500 ፓውንድ፣ ማለትም 680 ኪሎ ግራም ያህል ይጎትታል፤ አድቬንቸር የተባለው ዓይነት ግን 3,500 ፓውንድ፣ ሃይብሪዱ ደግሞ 1,750 ፓውንድ ተፈቅዶለታል። የቤንዚኑ ሲአርቪ 1,500 ሲሆን ሃይብሪዱ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው። መደበኛው ፎረስተር 1,500፣ እስከ 2025 ሞዴል ድረስ የተሸጠው ዊልደርነስ የተባለው ዓይነት 3,000 ፓውንድ ይጎትታል። ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉት መኪናዎች ይህን ያህል የሚለያዩበት ዋነኛው ምክንያት ሙቀት ነው፤ ከፍተኛ ቁጥር የተሰጣቸው የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ተጨማሪ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ስለዚህ ከመኪናው ኋላ ጠንካራ ሂች፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበትን መጎተቻ፣ ማስገጠም የመኪናውን ዐቅም አይጨምርም። በሂቹ ላይ 3,500 ተብሎ ቢጻፍም፣ የመኪናው መመሪያ 1,500 ካለ ገደቡ 1,500 ነው።

[በምስሉ፦ የሾፌሩ በር ተከፍቶ፣ በምሰሶው ላይ የተለጠፈው የጎማና የጭነት መረጃ ቀረብ ብሎ ይታያል]

አሁን የሾፌሩን በር ክፈቱ። በምሰሶው ላይ ከጎማው ንፋስ መጠን ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ የተሳፋሪዎችና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት ከዚህ ቁጥር በፍጹም መብለጥ የለበትም ይላል። ሾፌሩም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል፤ ተሳቢው በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ይቆጠራል። በማስታወቂያ የሚጻፈው የመጎተት ቁጥር ግን ኤስኤኢ ጄ2807 በተባለው፣ ብዙ አምራቾች በሚከተሉት መለኪያ ሲወሰን፣ በመኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ እንዳሉ ታስቦ ነው። ሦስት ልጆች ከኋላ ሲቀመጡ ስሌቱ ይለወጣል።

በምሰሶው ወረቀት ላይ 900 ፓውንድ የተጻፈበትን፣ የመጎተት ገደቡ 1,500 የሆነ መኪና ለምሳሌ እንውሰድ። አባትና እናት በአንድነት 320 ፓውንድ፣ ሦስቱ ልጆች 270 ፓውንድ ይመዝናሉ እንበል። የበረዶ ሳጥኑ፣ ከሰሉ፣ ልብሱና የቡና ዕቃው 130 ፓውንድ፣ ሂቹ 35 ፓውንድ ይሁን። ይህ ብቻ 755 ፓውንድ ነው። ዕቃው ተጭኖበትና የውኃ ታንከሩ ሞልቶ 1,450 ፓውንድ የሚመዝነው ተሳቢ 12 በመቶውን፣ ማለትም 174 ፓውንድ በኳሱ ላይ ሲያሳርፍ ድምሩ 929 ይደርሳል። ተሳቢው ከ1,500 ገደብ በታች ሆኖ ሳለ መኪናው ግን ከልክ በላይ ተጭኗል።

እዚህ ላይ ሁለት መፍትሔዎች ቀድመው ወደ አእምሮ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንደኛው 130 ፓውንዱን ዕቃ ወደ ተሳቢው ማዛወር ነው፤ ያን ጊዜ ተሳቢው 1,580 ይሆንና የመጎተት ገደቡን ያልፋል። ሁለተኛው የተሳቢውን ዕቃ ወደ ኋላ ገፍቶ በኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት መቀነስ ሲሆን፣ ጥቂት ቆይተን እንደምናየው ይህኛው እጅግ አደገኛ ነው። ትክክለኛው መልስ ከውኃው ይጀምራል። አንድ ጋሎን ውኃ 8.3 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን፣ 20 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሲሞላ 166 ፓውንድ ይጨምራል። ታንከሩን ባዶ አድርጎ ሄዶ ማረፊያው ሲደርሱ መሙላት ተሳቢውን ወደ 1,284 ያወርደዋል። የ130 ፓውንዱ ዕቃ ወደ ተሳቢው ሲዛወር 1,414 ይሆናል፤ በኳሱ ላይ 170 ያህል ያርፋል፤ መኪናውም 795 ፓውንድ ብቻ ይሸከማል። ማንም ከቤት ሳይቀር ሁለቱም ገደቦች ተጠበቁ።

ተሳቢ ስትገዙ ሻጩ የሚነግራችሁ የባዶውን ክብደት መሆኑንም አስተውሉ። ባትሪው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ውኃውና በኋላ የተገጠሙ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ በዚያ ውስጥ የሉም። ግምትን ትቶ ማስመዘን ይሻላል፤ የከባድ መኪና ማረፊያዎች ካት ስኬል የሚባለውን ሚዛን በየአውራ ጎዳናው ላይ ያቀርባሉ፣ ክፍያውም አነስተኛ ነው። በማኅበረሰባችን ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ስላሉ፣ አጠቃቀሙን የሚያሳያችሁ ሰው ማግኘት አይቸግርም።

[በምስሉ፦ ከላይ የታየ ንድፍ፤ ጭነቱ ከአክስሉ በስተኋላ የሆነ ተሳቢ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ]

ወደ መወዛወዙ እንምጣ። ተሳቢ በመንገድ ላይ ሲሄድ የነፋስ ግፊት ወይም በአጠገቡ የሚያልፍ ከባድ መኪና ወደ ጎን ይገፋዋል። ጭነቱ ከአክስሉ፣ ማለትም ጎማዎቹ ከተያያዙበት ዘንግ፣ በስተፊት ከሆነ እንቅስቃሴው ወዲያው ይሞታል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ግን እያንዳንዱ መወዛወዝ ከቀደመው እየበለጠ ይሄዳል፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም ይብሳል። ቀላልና አጭር የሆነው ኤስዩቪ ደግሞ ይህን ግፊት ለመቋቋም ከትልቅ ፒካፕ ያነሰ ክብደት አለው። በአሜሪካ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በኳሱ ላይ እንዲያርፍ፣ ከዕቃውም 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ በስተፊት እንዲጫን የሚመከረው ለዚህ ነው። ብስክሌቶችን ከተሳቢው ኋላ መስቀል ይህን ሚዛን በቀላሉ ስለሚያፈርስ፣ እኔ ፈጽሞ አልመክረውም።

መወዛወዙ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ የመኪናውን ፍሬን በኃይል አትርገጡ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለውና መቆጣጠሪያው በመኪናው ውስጥ ከተገጠመ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ወዲያው ያቃናዋል። ፍጥነት ጨምሮ ለማምለጥ መሞከርም ሆነ መሪውን ወዲያና ወዲህ በማዞር ለማረም መሞከር መወዛወዙን ያባብሰዋል።

ጀርመን ወይም ስዊድን የሚኖር ዘመዳችሁ በዚያው ራቭ ፎር ከዚህ በእጅጉ የከበደ ተሳቢ እንደሚጎትት ሊነግራችሁ ይችላል፤ እውነቱን ነው። በአውሮፓ ባለአራት ጎማ ነጂው ሃይብሪድ ራቭ ፎር ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲሆን እስከ 1,650 ኪሎ ግራም ተፈቅዶለታል። ነገር ግን በጀርመን ተሳቢ የሚጎትት መኪና ልዩ ፈቃድ ከሌለው በቀር በአውቶባን ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይችልም። በአሜሪካ አውራ ጎዳና በ70 ማይል እየነዱ የአውሮፓውን ቁጥር መጠቀም ሁለቱን ደንቦች ማደባለቅ ነው።

ፍጥነት ሌላም ዋጋ አለው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ከመኪናው ጣሪያ በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ተሳቢ ቀላል ቢሆን እንኳ ሞተሩን ያደክማል። ብዙዎቹ የተሳቢ ጎማዎችም ከፍተኛ ፍጥነታቸው 65 ማይል ነው። በካሊፎርኒያ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ሕጉ ራሱ 55 ማይል ይላል።

[በምስሉ፦ በአይ-68 ላይ ያለው የሳይድሊንግ ሂል ቁልቁለት]

በምዕራብ ሜሪላንድ በአይ-68 የሚጓዝ ሰው ሳይድሊንግ ሂል ላይ ባለ 6 በመቶ ቁልቁለት ያገኛል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ፍጥነት ቀንሳችሁ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፣ እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ስጡት። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ ፍሬን የሚያስገድደው ተሳቢው ከ3,000 ፓውንድ ሲያልፍ ቢሆንም፣ የመኪናው አምራች ከዚያ እጅግ ባነሰ ክብደት ሊጠይቅ ስለሚችል መመሪያውን አንብቡ። የትንሽ ኤስዩቪ ባለ 4 ሽቦ ሶኬት መብራትና ፍሬቻ ብቻ ነው የሚያበራው፤ ለኤሌክትሪክ ፍሬን ባለ 7 ሽቦና መቆጣጠሪያ ማስገጠም ያስፈልጋል።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊላዴልፊያ ወይም ኒውዮርክ የምትሄዱ ከሆነ የጋዝ ሲሊንደሩን አስታውሱ። በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች፣ ማለትም የሃርበርና የፎርት ማክሄንሪ ዋሻዎች፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር የጫነ መኪና አያሳልፉም፤ የተለመደው የተሳቢ ሲሊንደር ደግሞ 20 ፓውንድ ነው። ወደቡን በላዩ ያሻግር የነበረው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ከፈረሰ ወዲህ አማራጩ በአይ-695 ምዕራባዊ ክፍል ከተማዋን መዞር ነው።

በመጨረሻም፣ ከመነሳታችሁ በፊት የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከመጎተቻው ሥር አቆላልፋችሁ እሰሩ፤ መብራቶቹን ሌላ ሰው ከኋላ ቆሞ ይመልከትላችሁ፤ የተሳቢው ወርድ የስፖኪዮውን እይታ የሚከልል ከሆነ ማራዘሚያ ግጠሙ። ጎማ ተፈትቶ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ከ50 ማይል በኋላ አስተማማኝ ቦታ ቆማችሁ የጎማውን ቡሎኖች በልኩ አጥብቁ፤ ኳሱንና መቆለፊያውንም በዚያው ተመልከቱ።