ጎንደርን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ፊቴ አንድ ደብተር አለ፣ ከላይ «ጎንደር» ተብሎ ተጽፎበት፣ ከሥሩ ያለው ግን ግማሹ ተሰርዟል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስለተሰረዘው ነው።

በጥቅምት እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ጎንደር ልሄድ ነው። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ስለ አርባ አራቱ ታቦት ስታወራ እየሰማን ነው ያደግነው፣ እሷ ግን ጎንደርን አንድም ቀን በዓይኗ አላየችም። እኔ ታዲያ ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩና በሦስት ቀን አሥራ አንድ ቦታ ደረደርኩ። ደውዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ እኔ ሥላሴን ልሳለም፣ ቁስቋምን ልሳለም። ሌላውን እናንተ እዩ፣ እኔ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ያን ሁሉ ስጽፍ እሷን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር።

የምንሄደው በአውሮፕላን ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 730 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጉልበቷ አይሆንም፣ የመንገዱም ነገር አሁን አስተማማኝ አይደለም። ጊዜው ላይ ግን ቤት ውስጥ ትንሽ ተከራክረናል። ልጆቹ ጥምቀትን ፈልገው ነበር፣ የፋሲል መዋኛ በውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነውና። ግን በዚያ ሕዝብ መሀል እናቴን ሌሊቱን ሙሉ ማቆም አልፈልግም። በጥቅምት ገንዳው ደረቅ ነው፣ ቢሆንም የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞት ታያላችሁ፣ ለእኔ እሱ ብቻውን ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ከኋላዬ ቆማ የነገሥታቱን የፋሲል ግቢን ፎቶ ስታይ «የንጉሡ ልጆች የት ነበር የሚጫወቱት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ፣ ግቢውንም ያኔ ነው በሌላ ዓይን ያየሁት። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ጎንደርን መናገሻ አደረገ፣ እንቁላል ግንብ የሚሉትን ያንን ባለ አራት ማዕዘን ግንብ ሠራ። ልጁ ቀዳማዊ ዮሐንስ እዚያው አጠገቡ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። የልጅ ልጁ ታላቁ ኢያሱ የራሱን ግንብ፣ የኢያሱ ልጆች ዳዊትና በካፋ ደግሞ የየራሳቸውን። የበካፋ ሚስት እቴጌ ምንትዋብም እንደዚሁ። እስቲ አስቡት፣ አባት በሠራበት ግቢ ልጅ ጥግ ይዞ ቤት ሲጨምር፣ እኛ ሰፈርስ እንደዚያው አይደል? እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው የአንድ ቤተሰብ ግቢ ነው።

የልጄ ጥያቄ መልስ ግን ከባድ ነው። ዙፋን ሊጠይቁ የሚችሉት ወንዶች ልጆች ግቢው ውስጥ አይቆዩም ነበር። ወህኒ አምባ የሚባል ተራራ ላይ ወስደው ያስቀምጧቸዋል። ዛሬ እስር ቤቱን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚያ መጥቶ ነው ይባላል። ይህን ለልጅ እንዴት ነው የሚነግሩት? እኔ እውነቱን ልነግራት ወስኛለሁ፣ ግን ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀምጠን፣ አያቷ አጠገቧ ሆና።

ሥላሴን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። በ1880 ዓ.ም ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል፣ እናቴ ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው። እዚያ ሰዓት አልቆጥርባትም፣ እስኪበቃት ትቀመጥ።

ቁስቋም ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፣ መኪና እስከ በሩ እናዛለን። ምንትዋብ ባሏ ከሞተ በኋላ ያሠራችው ነው። አጽሟ እዚያ አለ፣ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱና ከልጅ ልጇ ከኢዮአስ ጋር። ኢዮአስን በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ አንቀው ሲገድሉት አያትየው በሕይወት ነበረች። እናቴ፣ እኔና ልጄ እዚያ ፊት አብረን ስንቆም ምን እንደምንባባል አላውቅም።

ስለዚህ አሁን ደብተሩ ላይ የቀሩት አራት ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ባዶ ነው፣ ሆን ብዬ። ትናንት እናቴ ጋ ስሄድ የልጄን ትንሽ ነጠላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጫፉን ክር በክር እየቋጨች አገኘኋት። «ቁስቋም ስንገባ ትለብሰዋለች» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ትኬቱን ነገ ጠዋት እቆርጣለሁ።