ማግኒዚየም የተበከለ ውሃ ውስጥ ሲገባ

[ምስል፦ ቢጫ ውሃ የያዘ ብርጭቆ፤ ብርማ የማግኒዚየም ብናኝ ይጨመርበታል]

ውሃው ቢጫ የሆነው ክሮሚየም 6፣ ማለትም ስድስት ኤሌክትሮን የጎደለው ክሮሚየም ስላለበት ነው። ይህን መርዝ ከሚለቁት መካከል ብረትን በክሮም የሚለብጡ ፋብሪካዎች ይገኙበታል። በጨርቅ ብናጠልለው ጨርቁ ላይ ምንም አይቀርም፤ መርዙ ሟሙቷል። አሁን ጥቂት አሲድ ጠብ አድርገን የማግኒዚየም ብናኝ ስንጨምርበት ግን ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል።

ክሮሚየሙ ብን ብሎ አልጠፋም። ከማግኒዚየሙ ሦስት ኤሌክትሮኖች ተቀብሎ ክሮሚየም 3 ሆኗል። ይህኛው ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ አሲዱ ሲያልቅ ደግሞ አረንጓዴ መሰል ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይረጋል። ያን ጊዜ ማጥለል ይቻላል።

[ሥዕል፦ ብረትና ማግኒዚየም ጎን ለጎን]

ኤሌክትሮን በመስጠት ማግኒዚየም ብረትን ይበልጣል። በኬሚስቶች መለኪያ ብረት ከዜሮ በታች 0.44 ቮልት ላይ ሲቆም ማግኒዚየም እስከ 2.37 ይወርዳል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ለጋስነቱ ይጨምራል። ክብደቱም ቀላል ነው፦ 24 ግራም ማግኒዚየም የሚሰጠውን ያህል ኤሌክትሮን ለማግኘት 56 ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋል።

በወረቀት ላይ አሸናፊው የታወቀ ይመስላል። ሆኖም በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኤልሳቤጥ ሲቲ በሚገኘው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጣቢያ መሐንዲሶች የመረጡት ብረትን ነበር። ከክሮም መለበጫ የወጣ ክሮሚየምና ትራይክሎሮኤቲሊን የተባለ ማሟሚያ የከርሰ ምድሩን ውሃ በክሎት ነበር። 46 ሜትር ርዝመትና 7.3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ ቆፍረው በብረት ቅንጣት ሞሉት። ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ፍሰት ያልፍበታል፤ ሲያልፍም ይታከማል።

ማግኒዚየም ለምን አልሆነም?

[ምስል፦ ከብናኙ ላይ የሚነሱ አረፋዎች]

እነዚህ አረፋዎች ሃይድሮጂን ናቸው። ማግኒዚየም ለመርዙ ብቻ ሳይሆን ለውሃውም ኤሌክትሮን ያድላል። ውሃው ደግሞ ከመርዙ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበዛል፤ የተጠራው እንግዳ ሳይደርስ ያልተጠራው ድግሱን ይጨርሰዋል። 24 ግራም ማግኒዚየም በዚህ መንገድ ካለቀ 24 ሊትር ገደማ ሃይድሮጂን ይወጣል። ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳትሞክሩት።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ነጭ ልባስ ብናኙን ይሸፍነዋል፤ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከአሲድ ርቆ ወደ 10.5 ገደማ ይወጣና ሥራው ይዳከማል። መጀመሪያ ላይ ጠብ ያደረግነው አሲድ ልባሱን ለማጠብ ነበር፤ ግን እሱም ራሱ ማግኒዚየሙን ይበላል። ሌላው ዘዴ በብናኙ ላይ ፓላዲየም የተባለ ውድ ማዕድን በጥቂቱ መቀባት ነው። ፓላዲየም ሃይድሮጂኑን ይዞ እንደ ትራይክሎሮኤቲሊን ካሉ ውህዶች ላይ ክሎሪኑን ለማስወገድ ያውለዋል። ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። ክሎሪኑን እስከ መጨረሻው ማስወገድም ግድ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ካንሰር አምጪው ቪኒል ክሎራይድ ሊቀር ይችላል።

[ምስል፦ የሮኬት ማስወንጨፊያ ማማ፣ ፍሎሪዳ]

በእኔ ግምት ብልሁ መፍትሔ የመጣው ከናሳ ነው። በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የነበሩ አሮጌ ማማዎች የተቀቡበት ቀለም ፒሲቢ የተባለ ክሎሪን ያለበት ውህድ ነበረበት፤ አሜሪካ በ1979 ምርቱን ያገደችው መርዝ ነው። ተመራማሪዎቹ ማግኒዚየሙን ውሃ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ አልኮል ካለበት ልጥፍ ጋር ቀላቅለው በቀለሙ ላይ ለጠፉት። ልጥፉ ፒሲቢውን ከቀለሙ ስቦ ያወጣል፤ ማግኒዚየሙም ክሎሪኑን ይነጥቀዋል። ኤሌክትሮኑን የሚሻማ ውሃ እዚያ የለም።

[ካርታ፦ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ]

የስምጥ ሸለቆውን ፍሎራይድስ ማግኒዚየም ከውሃው ያወጣልናል ወይ የሚል ካለ፣ በዚህ መንገድ አያወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ፍሎራይድ ግን የሚፈልገውን ኤሌክትሮን አስቀድሞ ስለያዘ ማግኒዚየም የሚሰጠው ነገር የለም። ለእሱ የሚሠራው በገጹ ላይ የሚይዘው የአጥንት ከሰል ነው፤ አሠራሩን በሌላ ቪዲዮ እናየዋለን።