ለማንበብ ብቻ ቢገቡም ወረፋ አለ፦ የሊኑክስ ፋይል ካሽና የሎክ ሽሚያ

ጤና ይስጥልኝ፣ የቻናላችን ተከታታዮች። ካሽ በቶሎ እንዲገኝ በቅርብ የሚቀመጥ የዳታ ቅጂ፣ ሎክም አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዳያበላሽበት የሚጠብቅ ቁልፍ መሆኑን ታውቃላችሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ሊኑክስ ከዲስክ ያነበባቸውን የፋይል ገጾች (ፋይሉ የተከፈለባቸውን ቁራጮች) በራም ያቆያል፤ ብዙ ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ገጾቹን በአንድ ጊዜ ሲፈልጉ ግን የሎክ ሽሚያ ይነሣል።

እስቲ አንድ መዝገብ ቤት አስቡ። በሩ ላይ አንድ የመግቢያ ደብተር፣ በደብተሩም ላይ አንድ እስክሪብቶ አለ። (እስክሪብቶው ለምን በክር እንደታሰረ የሚገርማችሁ ከሆነ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ አታውቁም።) ማኅደር የሚያስገባ ወይም የሚያወጣ ሰው ክፍሉን ለብቻው ይይዛል፤ ለማየት ብቻ የመጣ ግን ከሌሎች ተመልካቾች ጋር መግባት ይችላል፤ ሆኖም ሲገባ ይፈርማል፣ ሲወጣም ይፈርማል።

ብዙዎቻችሁ "አንባቢዎችን አብሮ የሚያስገባ ሎክ እስካለ ድረስ ሽሚያው ከየት ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ከእስክሪብቶው ነው! በክፍሉ ውስጥ መቶ ሰው ጎን ለጎን ቢያነብም በሩ ላይ የሚፈርመው በየተራ ነው። አንባቢ ኮርም ሎኩን ሲይዝ የአንባቢዎችን ቁጥር ይጨምራል፣ ሲለቅም ይቀንሳል፤ ሁለቱም መጻፍ ናቸው። ለመጻፍ ደግሞ ቁጥሩ ያረፈበትን የካሽ መስመር (በፕሮሰሰሩ የራሱ ካሽ ውስጥ ያለ ትንሽ የዳታ ቁራጭ) ከሌላው ኮር መንጠቅ አለበት፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ሳይከለክል መስመሩ ከኮር ወደ ኮር ሲንከራተት ጊዜው ያልቃል። የማንበቢያ ሎክ ነፃ አይደለም። ደግሜ እላለሁ፤ ነፃ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሊኑክስ 2.6.27 በፕሮግራመሩ ኒክ ፒጊን ሥራ አንባቢዎች ሳይፈርሙ እንዲገቡ ፈቀደ። አንባቢው ገጹን ያለ ሎክ ይፈልጋል፤ የገጹ ማጣቀሻ ቆጣሪ (ገጹን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረው) ዜሮ ካልሆነ አንድ ይጨምርበታል፤ ገጹ አሁንም በቦታው መኖሩን ዳግመኛ ያረጋግጣል፤ ከሌለ ለቅቆ እንደገና ይጀምራል። አርሲዩ (ያለ ሎክ የሚያነቡ እስኪጨርሱ ማፍረስን የሚያዘገይ ዘዴ) ደግሞ ገጾቹ ከሚፈለጉበት ማውጫ፣ ከዛፉ፣ የተነቀለው ክፍል አንባቢዎቹ ሳይጨርሱ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ለዛፉ ለዋጮች የቀረው ተራ ስፒንሎክ (አንድ ብቻ የሚይዘው፣ ሌላው እስኪለቀቅ ደጋግሞ እየሞከረ የሚጠብቀው ሎክ) ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የሚያወድሰው የአንባቢና የጸሐፊ ሎክ ከዚህ ቦታ ተሰናበተ፤ በእኔ እምነት ይገባውም ነበር።

ሁሉም ኮር አንዱን ገጽ ብቻ ከፈለገ ግን የገጹ ቆጣሪ ራሱ እስክሪብቶ ይሆናል። ከራም የሚወጡትን ገጾች የሚመርጠው ዝርዝርም የራሱ ሎክ አለው፤ ይህ ሎክ በ2021 በወጣው 5.11 በየሜሞሪ ሲግሩፑ (የሜሞሪ አጠቃቀማቸው አብሮ በሚቆጠር የፕሮግራሞች ቡድን) ተከፋፍሏል። እርሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለምናየው ሰብስክራይብ ማድረጉን አትርሱ።